የቤተ ክርስቲያን እርዳታ ለሌላ እምነት ተከታይ

ጥያቄ፦ የምኖረው ምሥራቅ ሐረርጌ ነው። ሙስሊም ነኝ፤ ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ አራት ልጆች ለብቻዬ አሳድጋለሁ። በአካባቢያችን የሴፍቲኔት ስንዴ የሚያድለው የቤተ ክርስቲያን ድርጅት ሲሆን፣ የእኔ ስም በዝርዝሩ ውስጥ አልገባም። አንዳንዶች «ሃይማኖትሽን ካልለወጥሽ አትመዘገቢም» ይሉኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት አይደለም። ሴፍቲኔት፣ ማለትም የምግብ እጥረት ያለበትን ቤተሰብ የሚደግፈው የመንግሥት ፕሮግራም፣ በ1997 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ በእናንተ አካባቢና በድሬዳዋ ዙሪያ ለዓመታት ሥራውን ሲሠራ የቆየው የሐረርጌ ካቶሊክ ጽሕፈት ቤት ሲሆን፣ ስንዴና ክክ ሲሰፍርለት የኖረው ሕዝብ አብዛኛው ሙስሊም ነው። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የእርዳታ ድርጅት የሆነውን ካሪታስንና የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽንን የመሳሰሉ የክርስቲያን ድርጅቶች ከቀይ መስቀል ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ1994 ያወጡት የሥነ ምግባር ደንብም እርዳታ በችግር መጠን ብቻ እንዲሰጥ፣ ሃይማኖትን ማስፋፊያም እንዳይሆን ይደነግጋል። በዚያ ላይ ለዓመታት ይታደል የነበረው ስንዴ ከምእመናን መዋጮ ይልቅ በአመዛኙ የአሜሪካ መንግሥት ልገሳ ስለነበር፣ ድርጅቶቹ በዚያ ገንዘብ ስብከት ማካሄድ ክልክል ነበረባቸው። በድርጅቱ መኪና በር ላይ የተሣለው መስቀል ብዙ ሰው እንደሚያሳስት ግን እረዳለሁ።

ዝርዝሩን የሚያወጣው ደግሞ ድርጅቱ ሳይሆን የአካባቢው ነዋሪዎች የሚገኙበት የምግብ ዋስትና ግብረ ኃይል ነው። በመመሪያው መሠረት ግብረ ኃይሉ በየዓመቱ ሦስት ወርና ከዚያ በላይ የሚበላ የሚያጥረውን፣ ጥሪቱን በድንገት ያጣውን፣ ደጋፊ ዘመድ የሌለውን ቤተሰብ ለይቶ ዝርዝሩን በሕዝብ ስብሰባ ላይ ያስነብባል። ጉልበት ያለው በእርከንና በመንገድ ሥራ ይሳተፋል፤ አቅመ ደካማው፣ ነፍሰ ጡሯና አራስ እናት ሳይሠሩ ይረዳሉ። እንደ እኔ ግምት የእርስዎ ስም የቀረው በዚህ ልየታ ላይ ነው፤ ባለቤትዎ በሕይወት ሳሉ ቤተሰቡ «ራሱን የቻለ» ተብሎ ተይዞ ከነበረ፣ መዝገቡ ከሞታቸው በኋላ ሳይስተካከል ቀርቶ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ወደ ድርጅቱ ሠራተኞች ከመሄድዎ በፊት ለቀበሌው አቤቱታ ሰሚ ኮሚቴ በጽሑፍ ያመልክቱ። ማመልከቻው ባለቤትዎ ያረፉበትን ጊዜ፣ የልጆቹን ቁጥርና ዕድሜ፣ የቀረዎትን መሬትና ከብት ይዘርዝር፤ ኑሮዎን የሚያውቁ ሁለት ጎረቤቶችም ይፈርሙበት። አንድ ቅጂ በእጅዎ ይቅር። ቀበሌው መልስ ካልሰጠዎት፣ ያንኑ ቅጂ ይዘው ወረዳው ምግብ ዋስትና ጽሕፈት ቤት ይሂዱ።