ወረቀትና ብዕር ለምትወዱ ልጆቼ

ልጆቼ፣ ጥሩ ወረቀትና ጥሩ ብዕር መውደድ ቅንጦት ነው የሚላችሁ ሰው ካለ አትስሙት። እኔ ዕድሜዬን የገፋሁት በመንገድ ቅየሳ ሥራ ነው፤ ከመንዝ ብርድ እስከ ሸዋ ሮቢት ቆላ ስዞር ከመሣሪያዎቼ ሁሉ ከእጄ ያልተለየው ደብተሬ ነበር። ጡረታ ወጥቼ ደብረ ብርሃን ከተቀመጥሁ ወዲህም ማለዳ የሚቀሰቅሰኝ እሱ ነው። መጻፍ ደስ የማይለው ሰው ብዙ አይጽፍም፤ ደስታው ደግሞ ከመሣሪያው ይጀምራል።

በእስክሪብቶ ብቻ ያደጋችሁ ልጆች የቀለም ብዕር ስትይዙ ቅለቱ ይገርማችኋል። የእስክሪብቶ ቀለም ወፍራምና ዘይትነት ያለው ስለሆነ ጫፉ ላይ ያለችው ትንሽ ኳስ እንድትሽከረከር ወረቀቱን መጫን ግድ ነው፤ በእኛ አገር የኅዳርና የታኅሣሥ ማለዳ ይባስ ይወፍርና በመዳፍ ካላሞቁት እንቢ ይላል። የቀለም ብዕር ግን ውኃማ ቀለሙን በጫፉ ቀጭን ስንጥቅ ራሱ ያወርደዋል፤ ወረቀቱን መንካት ብቻ ይበቃዋል። ረዘም ላለ ጊዜ ብትጽፉም ጣታችሁ ቶሎ አይዝልም።

ጫፉን ስትመርጡ የግድ ሹል ይሁን አትበሉ። የቁም ጽሕፈታችን መልክ የያዘው ጫፉ ጠፍጠፍ ተደርጎ በተቆረጠ የመቃ ብዕር ነው፤ ቁልቁል ሲወርድ ይወፍራል፣ አግድም ሲሄድ ይቀጥናል። ጠፍጣፋ ጫፍ ባለው ብዕር «ጠ»ን ወይም «ሐ»ን አንድ ጊዜ ጽፋችሁ እዩ። የገዛ እጃችሁ ጽሕፈት ሲያምርባችሁ ሌላ መስመር ለመጨመር የሚለምናችሁ ሰው አያስፈልግም።

ለደጋና ለቆላ መንገደኛ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከእሷ በላይ ያለው የጣርማ በር ተራራ ደግሞ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። አቀበቱን በመኪና ስትወጡ የውጪው የአየር ግፊት ስለሚቀንስ በብዕሩ ውስጥ ያለው አየር ይሰፋና ቀለሙን ገፍቶ ያወጣዋል። ከመነሣታችሁ በፊት ብዕሩን እስከ አፉ ሙሉት፣ ካልሆነም ጨርሳችሁ ባዶ አድርጉት፤ ጫፉንም ወደ ላይ አድርጋችሁ ያዙት።

በወረቀት ነገር ውፍረት ያታልላል። ቶሞኤ ሪቨር የሚባለው የጃፓን ወረቀት በካሬ ሜትር 52 ግራም ብቻ የሚመዝን ነበር፤ ገጹ በደንብ የተለበጠ ስለሆነ ግን ቀለም ወደ ጀርባው አያሳልፍም። በየስቴሽነሪው የምናገኘው 80 ግራም የማተሚያ ወረቀት ብዙውን ጊዜ ቀለም ይጠጣል፣ ፊደሉም ዳር ዳሩን ይበተናል። ስለዚህ ሱቅ ስትገቡ ብዕራችሁን ይዛችሁ ግቡ፤ ባለሱቁን አስፈቅዳችሁ በአንዲት ቁራጭ ላይ ጻፉና ጀርባዋን ተመልከቱ። ደብተር ከሆነ መካከሉን ገልጣችሁ ክሩን ፈልጉ። በሙጫ ብቻ የተያዘ ደብተር ቅጠሉ ይረግፋል፤ በክር የተሰፋ ግን ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ይተኛላችኋል። የብራና መጻሕፍቶቻችንም በክር የተሰፉ ጥራዞች ናቸው፤ ብዙ መቶ ዓመት ኖረው ዛሬም ይገለጣሉ።

ስለ ቀለምም ከጸሐፊዎቻችን የምትወስዱት አለ። ጥቁሩን ቀለም ከጥቀርሻ ያዘጋጁት ስለነበር ፀሐይ አያደበዝዘውም፤ ቀዩን ደግሞ ለቅዱሳን ስምና ለምዕራፍ መግቢያ ያቆዩታል። ዛሬ የሚሸጠው ውብ ሰማያዊ ቀለም አብዛኛው ውኃ ሲነካው ይፈስሳል፣ ብርሃን ላይ ሲቆይም ይነጣል። ለልጅ ልጅ እንዲቆይ የምትፈልጉትን ውኃ በማይፈታው ጥቁር ጻፉት። ለመስክ ሥራ ግን ከእርሳስ የሚበልጥ የለም፤ ዝናብም ፀሐይም አይበግረውም።

የዕለት ማስታወሻ መያዝ ለምትፈልጉ የቀያሽን ደንብ እሰጣችኋለሁ። በመስክ ደብተር ላይ ላጲስ ነውር ነው። የተሳሳተ ቁጥር በአንድ መስመር ይሰረዛል፣ ትክክለኛው ከላዩ ይጻፋል፣ የተሰረዘውም እንዲነበብ ሆኖ ይኖራል፤ ገጽ መቅደድማ ከቶ አይታሰብም። ለልባችሁ ደብተርም እንዲሁ አድርጉ። ስርዝ ድልዙ ያሰባችሁበት መንገድ ነው፤ ከዓመታት በኋላ ንጹሕ ከሆነው ዓረፍተ ነገር ይልቅ የተሰረዘው ብዙ ይነግራችኋል። ቀኑንና ቦታውን ከላይ አስፍሩ፣ የአየሩን ጠባይ ጨምሩ፣ ከዚያ ያያችሁትን ጻፉ። የተሰማችሁ ነገር ካያችሁት መካከል ራሱ ይወጣል። ደግሞ ለመንካት የምትሳሱለትን ውድ ደብተር አትግዙ፤ መደርደሪያ ላይ ባዶውን ያረጃል።

ደብዳቤን ለመጨረሻ ያቆየሁት ከሁሉ ስለምወደው ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1886 ዓ.ም.፣ የተጀመረው ፖስታችን ኢትዮጵያን በ1901 ዓ.ም. የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል አድርጓታል፤ ዛሬም ቴምብር ይሸጣል። በእኛ አገር ደብዳቤ በብዛት የሚደርሰው ቤት ድረስ ሳይሆን ፖስታ ሣጥን ነውና የተቀባዩን ቁጥር አስቀድማችሁ ጠይቁ። ሣጥን ለሌለው ዘመድ እንደ ድሮው በመንገደኛ እጅ፣ በአደራ ላኩ።

የቀድሞ ደብዳቤ «ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኛ ከናፍቆትህ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን» ብሎ ይጀምር ነበር። ይህን ሰላምታ አትተዉት፤ በዚያ ብቻ ግን አታብቁ። የጅሩ ስንዴ ዘንድሮ እንዴት እንደያዘ፣ በጓሮ ያለችው ጥድ ምን ያህል እንዳደገች፣ ጎረቤት ማን እንደ ወለደ ጻፉ። በስልክ «ሁሉ ሰላም ነው» ተብሎ የሚታለፈው ነገር ወረቀት ላይ ቦታ ያገኛል። የምትጽፉለትን አንድ ሰው ፊት እያሰባችሁ ስትቀመጡ ሌላ የሚጠራችሁ ነገር የለም፤ እኔ በዚህ ዘመን ለሰው ከምንሰጠው ሁሉ ይህን አስበልጣለሁ።

የመጀመሪያውን ደብዳቤ ለአያቶቻችሁ ጻፉ። ዓይናቸው ደክሞ ይሆናልና ጥቁር ቀለም ይሁን፤ ፊደሉ ተለቅ፣ መስመሩ ራቅ ራቅ ይበል፤ ከጀርባው አትጻፉ። የጎረቤት ልጅ የሚያነብላቸውም ከሆነ እንዳይደናቀፍ ቃላቱን ለያይታችሁ ጻፉ፤ የምትጠይቁትንም ሁሉ መጨረሻው ላይ ሰብስቡት፣ መልሱን ለልጁ እየነገሩ ለማስጻፍ እንዲቀላቸው።