ጆሮዋ በደንብ የማይሰማ ልጅ ነርስ መሆን ትችላለች ወይ ላልሽው እህቴ

ጥያቄሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ታናሽሽ ነርሲንግ ደርሷታል፣ ሁለቱም ጆሮዋ ላይ መስሚያ ታደርጋለች፣ «ትግባ ወይስ ይቅርባት?» ነው ያልሽው። ትግባ። እኔ ነርስ ከሆንኩ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ጆሮዬ የተጎዳው በልጅነቴ መግል ሲፈሰው ነው፣ የእሷም እንደዚያው ይመስለኛል። ፋርማሲ ይሻላታል ያሉሽን ደግሞ ተያቸው። በመስታወት ቀዳዳ የሚያንሾካሹክ በሽተኛ መስማት ቀላል መስሏቸው ነው።

በቁጥር ልጻፍልሽ።

1. ኦዲዮግራም (የመስማት ምርመራ ግራፍ) ታሠራ፣ የዘንድሮ። ግራፉ ስንት ዴሲቤል እንዳጣች ብቻ ሳይሆን የትኛውን ድምፅ እንዳጣችም ያሳያል፤ ወፍራሙን ወይስ ቀጭኑን። ለነርስ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። የልብ ድምፅም ሆነ ደም ግፊት ስንለካ የምናዳምጠው ድምፅ ወፍራም ነው። ቀጭኑን ብቻ ያጣ ሰው መስሚያውን አውልቆ በተራ ስቴቶስኮፕ አሳምሮ ሊሰማ ይችላል። እኔ ወፍራሙንም አጥቻለሁ። ይህን ያወቅኩት ግን ከተመረቅኩ በኋላ ነው፣ እሱም በስንት መዘዝ።

2. አትደብቅ። እኔ አራት ዓመት ሙሉ ደብቄ ተማርኩ። ፀጉሬን ጆሮዬ ላይ እለቅ ነበር፣ ከፊት ወንበር አልጠፋም፣ የመምህሩን ከንፈር አነባለሁ፣ ውጤቴ ጥሩ ነው፣ ማን ይጠረጥራል። ተግባር ልምምድ ላይ ግፊት ስንለካ ከጓደኛዬ ጋር እንጣመርና እሷ ትሰማለች፣ እኔ እጽፋለሁ። ተመረቅኩ። ሥራ በጀመርኩ በሦስተኛው ወር ማዋለጃ ዋርድ የሌሊት ተረኛ ሆንኩ። አንዲት ስምንት ወር የሞላት ነፍሰ ጡር ነበረች። ግፊቷን ለካሁ፣ ምንም አልሰማሁም። ደግሜ ለካሁ፣ ምንም። ሌላ ሰው ጥሩልኝ እንዳልል አፈርኩ። ምን እንዳደረግኩ ልንገርሽ? የቀን ተረኛዋ የጻፈችውን 120/80 ገልብጬ ጻፍኩ። ሴትየዋ ከአንድ ሰዓት በኋላ ራሴን አመመኝ አለች፤ አዋላጇ መጥታ ስትለካ 170/110። ከዚያ በኋላ ሩጫ ነው፣ እንዳያንቀጠቅጣት ማግኒዚየም ተሰጣት፣ ሐኪም ተጠራ። እግዚአብሔር ይመስገን እሷም ልጇም ተረፉ። አዋላጇ ቻርቱን አየች፣ እኔን አየች፣ ምንም አላለችም። ያ ዝምታ እስከ ዛሬ ይሰማኛል፣ ያውም ለኔ ጆሮ።

ጠዋት ሄጄ ለዋርድ ኃላፊዋ ሁሉንም ነገርኳት። ታባርረኛለች ብዬ ነበር። «ለምን መጀመሪያ አልነገርሽንም፣ አውቶማቲኩን መለኪያ እንሰጥሽ ነበር» አለችኝ። መለኪያው መደርደሪያው ላይ ነበር። አራት ዓመት የተጨነቅኩበት ነገር መፍትሔው ከራሴ በላይ ሁለት ስንዝር ላይ ተቀምጦ!

3. የጤና ምርመራ ወረቀት። እዚህ ላይ ንዴቴን ቻይልኝ። ሌላ መሥሪያ ቤት አልፌ ለቅጥር የጤና ምርመራ ተባልኩ። መርማሪው ከኋላዬ ቆሞ ማስክ እንዳደረገ በሹክሹክታ ቁጥር ጠራ። አልመለስኩም። «አትሰማም፣ ብቁ አይደለችም» ብሎ ጻፈ፣ አለቀ። መስሚያዬን እንኳ ለምርመራው አስወልቆኝ ነበር። መነጽር የሚያደርግን ሰው መነጽሩን አውልቆ «አያይም» ይለዋል እንዴ? የሰው ሀብት ክፍሉ ጸሐፊ ደግሞ ወረቀቱን ሳያነብ፣ ቀና ብሎም ሳያየኝ፣ በመስኮቷ በኩል አንድ ነገር አጉረመረመ። «ምን አልከኝ?» ስለው ጮክ ብሎ፣ ወረፋው ሁሉ እየሰማ፣ «ስፌት ብትማሪ አይሻልሽም?» ብሎኝ እርፍ። እናቴ በስፌት ነው ያሳደገችኝ፣ እሷንም ነው የሰደበው።

አለቀስኩ፣ ከዚያ ቤቴ ገብቼ ተዘጋጀሁ። ኦዲዮግራሙ፤ ከጆሮ ሐኪም «በመስሚያ ይህን ያህል ትሰማለች» የሚል በማኅተም የተደገፈ ደብዳቤ፤ ከድሮው ዋርድ ኃላፊ የሥራ ምስክርነት፤ ከላይ ደግሞ የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568/2000 ኮፒ፣ አስፈላጊው ቦታ በቢጫ ተሰምሮበት። አዋጁ ቀጣሪ የሥራ ቦታውንና መሣሪያውን ማመቻቸት አለበት ይላል። አድልዎ ተፈጸመብኝ ብለሽ ከከሰስሽ ደግሞ የማስረዳት ሸክሙ የቀጣሪው ነው። ለጸሐፊው አልሰጠሁም፣ በቀጥታ ለኃላፊው አስገብቼ በመዝገብ ቁጥር ተቀበልኩ። በአሥራ አንደኛው ቀን ደወሉልኝ። አላነሳሁም፣ ስልክ ላይ ሰው አላምንም፤ በአካል ሄድኩ። ተቀጠርኩ። ስለዚህ ታናሽሽ ማመልከቻ ባስገባች ቁጥር የመዝገብ ቁጥር ትቀበል፣ አደራ።

4. ዕቃ። ኤሌክትሮኒክ ስቴቶስኮፕ ድምፁን ያጎላል፣ ግን ሲገዛ ከመስሚያዋ ጋር በብሉቱዝ መገናኘቱን ወይም ትልቅ ሄድፎን መቀበሉን ጠይቁ። ያለበለዚያ በየበሽተኛው መስሚያ ማውለቅና መግጠም ነው፣ በጓንት አስቢው። ዋጋው ውድ ነው፤ እኔ በአክስቴ ልጅ ነው ከውጭ ያስመጣሁት። ባትሪ ሁልጊዜ ኪሷ ውስጥ ይኑር። የኔ 312 ነው፣ ቡናማ ተለጣፊ ምልክት ያለው። ምልክቷን ከላጡ በኋላ ጥቂት ደቂቃ አየር እንዲያገኝ ይቆይ፣ ከዚያ ይገጠም። አንዴ ከተላጠ መልሶ መለጠፉ ዋጋ የለውም፣ ባትሪው መሥራት ጀምሯል። ማታ ደግሞ ከመድኃኒት ዕቃ ውስጥ የምትገኘውን እርጥበት መጣጭ ከረጢት ከመስሚያው ጋር ቆርቆሮ ውስጥ አድርጋ ትክደነው፣ ላብ ነው የሚገድለው።

5. ትእዛዝ በቃል አትቀበል። የኛ ሐኪሞች መጠን የሚናገሩት በእንግሊዝኛ ነው። ፊፍቲንና ፊፍቲ ለኔ አንድ ናቸው፣ ማስክ ካለ ደግሞ ጨርሶ። «ጻፍልኝ» እላለሁ። ድንገተኛ ከሆነ ቁጥሩን በአማርኛ ደግሜ እላለሁ፣ «አሥራ አምስት ነው ያልከው?» መጀመሪያ ያኮርፉ ነበር። አሁን ደህና የሚሰሙት ልጆችም እንደኔ ነው የሚያደርጉት።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ጉራ ነው በይኝ። ጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ አንገታቸው ላይ ቱቦ የገባላቸው በሽተኞች አሉ፤ አፋቸው ይንቀሳቀሳል እንጂ ድምፅ የላቸውም። ቤተሰቡም ሐኪሙም ግራ ይጋባል። እኔ ሃያ ዓመት ሙሉ ከንፈር ነው ያነበብኩት። ባለፈው ጥር አንድ ሽማግሌ አፋቸውን ሲያንቀሳቅሱ ልጆቻቸው «ውሃ ነው፣ ውሃ ነው» ይላሉ። ጠሩኝ። ጎንበስ ብዬ አየኋቸው። «በሬው ታስሯል?» ነው የሚሉት። ልጃቸው «ታስሯል አባዬ» ሲላቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ተኙ።

ለእህትሽ ስለ ትምህርት ቤቱ የምትጠይቂው ካለ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ። ድምፅ ቅጂ ብቻ እንዳትልኪ።