ብርሃኑ ከየት ነው የሚመጣው?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። «ፊልም በጣም እወዳለሁ። ሰው ‘ሲኒማቶግራፊው ልዩ ነው’ ሲል ግን ምን አይቶ እንደሆነ አይገባኝም። ካሜራ የለኝም፣ ኮርስም አልወሰድኩም። ከየት ልጀምር?» ነው ያልሽው። እኔ ደብረ ብርሃን ሠርግና ክርስትና እየቀረጽኩ ነው የምተዳደረው። ስምንት ዓመት ሆነኝ። ትምህርት ቤት ገብቼ አልተማርኩትም። የምነግርሽ በሥራ ላይ የገባኝን ነው።

ካሜራ ስለሌለሽ አትጨነቂ። እኔ ካሜራ ገዝቼ እንኳ ሁለት ዓመት ሙሉ የማወራው ስለ ሌንስና ስለ ሞዴል ነበር። ዓይኔን የከፈተው አንድ ሠርግ ነው።

ጥር ላይ ነው፣ ከከተማ ወጣ ያለ የገጠር ሠርግ። ዳሱ ላይ የተወጠረው ሸራ ሰማያዊ ነበር። ፀሐይዋ በሸራው አልፋ ስትገባ ውስጥ ያለው ሁሉ ሰማያዊ ሆነ። ቬሎው ሰማያዊ፣ እንጀራው ሰማያዊ። የሙሽራዋ ጉንጭ የታመመ ሰው ጉንጭ መሰለ። እዚያው ቆሜ ግን አልታየኝም። ቬሎ ነጭ እንደሆነ ስለምናውቅ ዓይናችን ቀለሙን ያስተካክልልናል። ካሜራ ያን ያህል አያዝንልሽም። ማታ ኮምፒውተር ላይ ስከፍተው ደነገጥኩ። ሦስት ቀን ከቀለሙ ጋር ታገልኩ። ሰማያዊውን ስቀንስ ፊታቸው አመድ ይመስላል። በኋላ የሙሽራዋ እናት ቪዲዮውን አይተው «ልጄን ያን ቀን አሟት ነበር እንዴ?» አሉኝ። ልጅቷ እኮ ቀኑን ሙሉ ስትስቅ ነው የዋለችው። ያሳመማት ብርሃኑ ነው።

ያኔ ነው የገባኝ። እኔ ሳላውቅ ያደረግኩትን ጎበዝ ሲኒማቶግራፈር፣ ማለትም የፊልሙን ካሜራና ብርሃን የሚመራው ሰው፣ አስቦበት ያደርገዋል። ተዋናዩ አፉን ሳይከፍት የታመመ፣ የፈራ ወይም ብቻውን የቀረ እንዲመስልሽ ያደርጋል። ስለዚህ ፊልም ስታዪ መጀመሪያ የምትጠይቂው አንድ ጥያቄ ነው፤ ብርሃኑ ከየት ነው የሚመጣው?

ይህን ለመለማመድ ቤትሽ ይበቃል። እናቴ ገብስ ስታበጥር ሁልጊዜ በሩ አጠገብ ነበር የምትቀመጠው፤ ቤቱ ጨለማ ስለሆነ። በበሩ የሚገባው ብርሃን የፊቷን አንዱን ጎን ያበራዋል፣ ሌላው ጎን ጥላ ውስጥ ይቀራል። የግንባሯ መስመር ሁሉ ይቆጠራል። ሰፌዱን ስታነሳ የገለባው ብናኝ ብርሃኑ ውስጥ ይንሳፈፋል። ከጎን የሚመጣ ብርሃን ለፊት ቅርጽ ይሰጣል። ከኋላ የሚመጣው ደግሞ ጭስና ብናኝን ያሳያል። ፊት ለፊት ከመጣ ሁሉም ነገር ጠፍጣፋ ይሆናል። እናቴ ከበሩ ዞር ብትል ኖሮ ይሄ ሁሉ አይኖርም ነበር።

አሁን ወደ ፊልሙ ነይ። የምትወጂውን ፊልም ክፈቺ፣ አዲስ አትፈልጊ። ታሪኩን ስለምታውቂው አይወስድሽም። አንድ ትዕይንት ምረጪ፣ ሦስት ደቂቃ ይበቃል። ድምፁን አጥፊው። ፖዝ አድርጊና የተዋናዩን አፍንጫ ጥላ ተመልከቺ፤ መብራቱ በተቃራኒው በኩል ነው። ዓይኑ ውስጥ ያለችውን ነጭ ነጥብ ፈልጊ። እሷ መብራቱ ወይም መስኮቱ የት እንዳለ ትነግርሻለች። እንደገና አጫውቺና ካሜራውን ተከታተዪ። ከሰውየው ዓይን ከፍ ብሏል ወይስ ዝቅ? መቼ ነው የተንቀሳቀሰው? ከዚያ ድምፁን መልሺው። እኔ በዚህ መንገድ አንድ ትዕይንት ላይ አንድ ምሽት ሙሉ አሳልፋለሁ። ፊልም ከመደራረብ ይሄ ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

ጥላው ጠርዙ የተሳለ ነው ወይስ የደበዘዘ? ይህንንም እዪ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ነው፤ የቀትር ፀሐይዋ ጨካኝ ናት። ዓይን ጉድጓድ ውስጥ ጥቁር ጥላ ትጥላለች። ጣርማበር ላይ ጉም ሲወርድ ግን ሰማዩ በሙሉ አንድ ትልቅ መብራት ይሆናል፣ ጥላ የሚባል ይጠፋል፣ ፊት ይለሰልሳል። ሰፊ የብርሃን ምንጭ ለስላሳ ነው፣ ጠባቡ ይሳላል። ስቱዲዮ ውስጥ መብራት ፊት ነጭ ጨርቅ የሚወጥሩት ለዚህ ነው።

ጣርማበርን ካነሳሁ አይቀር መኪና የሚያልፍበትን ዋሻውንም ልንገርሽ። ወደ ደብረ ሲና ስትወርጂ በመኪናው ስልክሽን ወደ ፊት ይዘሽ ቅረጪ። ስልኩ ጨለማውን ለማሳየት ብርሃን አብዝቶ ሲያስገባ የዋሻው አፍ ነጭ ሆኖ ይጠፋል። ውጪውን ለማሳየት ብርሃን ሲቀንስ ግድግዳው ጥቁር ይሆናል። ሁለቱን አንድ ላይ ማሳየት ያቅተዋል። ጨለማ ክፍል ውስጥ መስኮት ፊት የቆመ ሰው ፊልም ላይ ስታዪ ይሄን አስታውሺ። ፊቱ ከጠቆረ ብዙ ጊዜ አንድ ሰው አስቦ የወሰነው ነው። ምን እንዳይታየን ፈለገ?

ስለ ሌንስ አሁን ብዙ አልልም። አንዲት ነገር ብቻ ሞክሪ። ጓደኛሽን ተራራ ከኋላዋ አድርገሽ በቅርብ አንሺያት። ከዚያ ራቅ በዪና ዙም አድርገሽ ፊቷን ያንኑ ያህል አድርጊው። ተራራው ትከሻዋ ላይ ይመጣል። ይህን ያመጣው የቆምሽበት ርቀት ነው።

ሁለት ፊልም ልጠቁምሽ። አንዱ የዳይሬክተር ስታንሊ ኩብሪክ «ባሪ ሊንደን» ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣ። ሲኒማቶግራፈሩ ጆን አልኮት አንዳንድ የማታ ትዕይንቶችን በሻማ ብርሃን ብቻ ቀርጿል። ለአሜሪካው የጠፈር ድርጅት ለናሳ የተሠራ፣ ዛይስ የሚባል የጀርመን ኩባንያ 50 ሚሊሜትር ሌንስ ነው የተጠቀመው፤ ብርሃን የመቀበል አቅሙ እጅግ ከፍተኛ ነው። ፎከሱ፣ ማለትም ጠርቶ የሚታየው ርቀት፣ ግን በጣም ቀጭን ስለሆነ ተዋናዮቹ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንደልባቸው አይንቀሳቀሱም። በኩራዝ ያደገ ሰው ያን ብርሃን ወዲያው ያውቀዋል። ሁለተኛው የኢትዮጵያዊው ዳይሬክተር የኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ነው፣ እ.ኤ.አ. 1976። ጥቁርና ነጭ ነው። ቀለም ስለሌለ ዓይንሽ ቅርጽና ብርሃን ላይ ብቻ ያርፋል፤ ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ ልምምድ አላውቅም።

አንድ የማልስማማበት ነገር አለ። አሁን ገደል ላይ ድሮን ከተነሳ «ሲኒማቶግራፊ!» ይባላል። ገደሉ ድሮም ውብ ነው። ድሮኑ ስለ ሰውየው ምን ነገረን? መልስ ካጣሽለት ውብ ፖስትካርድ ነው።

በዚህ ሳምንት እናትሽን ወይም እህትሽን በር አጠገብ አስቀምጫት። ጠዋት፣ ቀትርና ማታ አንድ አንድ ፎቶ አንሺ። ሦስቱን እዚህ ለጥፊልን፣ ጥላዎቹን አብረን እናያለን።