የአንባቢያን ጥያቄ፦ የአሜሪካ ኮሌጆች የሴቶች ሶፍትቦል ሻምፒዮና

ጥያቄ፦ ልጄ በትምህርት ቤቷ ሶፍትቦል (ቤዝቦልን የሚመስል፣ ኳስ በዱላ የሚመታበት ጨዋታ) ስለምትጫወት በየዓመቱ ከኦክላሆማ ሲቲ የሚተላለፈውን የኮሌጆች ሻምፒዮና አብረን እናያለን። የተሸነፈ ቡድን ተመልሶ ሲጫወት፣ አንዳንዴም ሁለት ቡድኖች በአንድ ቀን ሁለቴ ሲገናኙ አያለሁ። ሕጉ እንዴት ነው? (ከጋርላንድ፣ ቴክሳስ)

መልስ፦ ከምድብ የሚያሰናብተው ሁለተኛው ሽንፈት ነው። ውድድሩ በ64 ቡድኖች ይጀመራል፤ በ16 ቦታ አራት አራት ሆነው ይጋጠሙና ከየቦታው አንድ ያልፋል። 16ቱ ደግሞ ጥንድ ጥንድ ሆነው ከሦስት ጨዋታ ሁለቱን ያሸነፈ ያልፋል። በዚህ የተለዩት ስምንቱ ናቸው ኦክላሆማ ሲቲ የሚገቡት። እዚያም በሁለት ምድብ ይከፈላሉ።

ግራ የሚያጋባው የምድቡ ማብቂያ ነው። ያልተሸነፈው ቡድን አንድ ድል ይበቃዋል፤ አንዴ የተሸነፈው ግን ሁለቴ ማሸነፍ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2022 ዩሲኤልኤ (የሎስ አንጀለሱ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ) የኦክላሆማ ዩኒቨርሲቲን 7 ለ 3 ረታ። ለኦክላሆማ የመጀመሪያ ሽንፈቱ ስለነበር በዚያው ዕለት እንደገና ተጋጠሙ፤ ኦክላሆማ 15 ለ 0 አሸነፈ፣ ጨዋታውም በአምስተኛው ኢኒንግ (ሁለቱም ቡድኖች ተራ በተራ የሚመቱበት ዙር) አበቃ። ከአምስት ኢኒንግ በኋላ ልዩነቱ 8 ነጥብ ከደረሰ እስከ ሰባተኛው አይኬድም። የሁለቱ ምድብ አሸናፊዎች ለፍጻሜ ሲገናኙ ያለፈው ሽንፈት አይቆጠርም፤ ከሦስት ሁለቱን ያሸነፈ ዋንጫውን ይወስዳል።

በእኛ ግምት ከሰንጠረዡ ይልቅ ኳሱን ለመቺዎች የሚወረውሩትን የወርዋሪዎቹን ክንድ ማየት ይጠቅማል። አንዴ የተሸነፈ ቡድን ብዙ ጨዋታ በጥቂት ቀን ይደራረብበታል፤ የሚተማመነው በአንዲት ወርዋሪ ብቻ ከሆነ ፍጻሜ ላይ ይታይበታል። መቺዎችም በተደጋጋሚ ሲያዩዋት ኳሷን ይለምዱታል። በ2025 የቴክሳስ ቴክ ዋና ወርዋሪ ኒጃሪ ካናዲ ቡድኗን እስከ ፍጻሜው ሦስተኛ ጨዋታ ተሸክማ አድርሳ፣ በዚያ ጨዋታ ገና በመጀመሪያው ኢኒንግ 5 ነጥብ ተቆጠረባት። ተጋጣሚው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ 10 ለ 4 አሸንፎ የመጀመሪያ ዋንጫውን ወሰደ።

ጥያቄ፦ በ2025ቱ ፍጻሜ የመጀመሪያ ጨዋታ ወርዋሪዋ መቺዋን ሆን ብላ ሳትመታ ወደ መጀመሪያው ቤዝ (ሯጮች ከሚቆሙባቸው ማረፊያዎች አንዱ) ልታሳልፍ ስትል ኳሱ ተመታ። ይፈቀዳል?

መልስ፦ ይፈቀዳል። ስድስተኛው ኢኒንግ ነበር፤ ቴክሳስ 1 ለ 0 እየተመራ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቤዝ ሯጮች ነበሩት። የመጀመሪያው ቤዝ ባዶ ስለነበር ጎበዟን መቺ ሪስ አትዉድን በአራት ቦል (ከመምቻው ክልል ውጪ በሚወረወር ኳስ) ወደዚያ መላክ የተለመደ ስሌት ነው። በእንዲህ ያለ ጊዜ ኳሱ ዱላው ከማይደርስበት ርቆ መወርወር አለበት። ያኛው ግን በቂ አልራቀም፤ አትዉድ እጇን ዘርግታ ወደ ግራ ሜዳ መታችው፣ ሁለቱም ሯጮች ገቡ፣ ቴክሳስም 2 ለ 1 አሸነፈ። መቺ እግሯ ከተሰመረላት ሳጥን እስካልወጣ ድረስ የፈለገችውን ኳስ መምታት ትችላለች። ወርዋሪዋ በሙሉ ኃይሏ መወርወር የለመደች ስለሆነች በዝግታ አርቆ መወርወሩ ራሱ ልምምድ ይፈልጋል፤ ብዙ አሠልጣኞች ግን ጊዜ አይሰጡትም።

ጥያቄ፦ ተቀይራ የወጣች ልጅ ተመልሳ ስትገባ አየሁ። ስህተት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ጨዋታውን የጀመረች ተጫዋች አንድ ጊዜ መመለስ ትችላለች፣ ግን በመምቻ ተራ ቅደም ተከተል የራሷን ቦታ ይዛ ነው።

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ ሆኜ በቀጥታ ለማየት ስንት ሰዓት ልንቃ?

መልስ፦ ሻምፒዮናው በሚካሄድበት ወቅት ኦክላሆማ ከእኛ በስምንት ሰዓት ወደኋላ ናት። በእነሱ ሰዓት አቆጣጠር እዚያ ረፋድ 11 ሰዓት ላይ የሚጀመር ጨዋታ ለእርስዎ ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው፤ እዚያ ማታ 7 ሰዓት ላይ የሚጀመረው ደግሞ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ይሆናል። የ2025 ፍጻሜዎች በዚህ በኋለኛው ሰዓት ነበሩ። ከመንቃትዎ በፊት የአየሩን ሁኔታ ይዩ፦ ወቅቱ በኦክላሆማ የማዕበል ጊዜ ነው። መብረቅ አቅራቢያ ከታየ ጨዋታው ይቆምና ከመጨረሻው ብልጭታ ጀምሮ 30 ደቂቃ ይጠበቃል፤ በመሃል ሌላ ከታየ ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል።