ጥድ በላቲን ሴት ናት

አንዲት የዕፅዋት ሳይንስ ተማሪ ሰሞኑን «ጋሼ፣ በፈረንጆቹ ከ2012 ወዲህ አዲስ ዝርያ በላቲን ፈንታ በእንግሊዝኛ ገልጾ ማሳተም ተፈቅዷል። ታዲያ ላቲን ምን ይሠራልኛል?» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ተፈቅዷል። እኔ ግን ልመልስላት ስል መሪጌታ ትዝ አሉኝ።

መሪጌታ የደረቁ ዕፅዋትን ወረቀት ላይ እየሰፉና እየለጠፉ የላቲን ስማቸውን የሚጽፉ ሰው ነበሩ። ጎጃም ቅኔ ቤት ያደጉ ናቸው፤ የላቲንን ፊደል የለመዱት እዚያው ጠረጴዛቸው ላይ ነው። ክፍሉ ናፍታሊን ናፍታሊን ይሸታል። ሻይ ይዞ መግባት ክልክል ነው፤ እሳቸው ግን ይዘው ይገቡ ነበር፣ ማንም አይናገራቸውም። እኔ ከውጭ ዲግሪ ይዤ የተመለስኩ ሰሞን ነው።

አንድ ቀን የጥድና የብሳና ወረቀት ይዘው መጡ። «ብሳና ክሮቶን ማክሮስታኪዩስ ይላል፣ ይሁን። ጥድ ግን ዩኒፔሩስ ፕሮሴራ። ስሙ በ‹ኡስ› አልቆ ቅጽሉ ስለምን በ‹አ› ያልቃል? ዋርካም ፊኩስ ቫስታ ነው፤ ጥቁር እንጨትም ፕሩኑስ አፍሪካና። እነዚህ ዛፎች ሴቶች ናቸው መሰለኝ» አሉኝ።

«ስም ነው የኔታ፣ እንዳለ ይገልብጡት» አልኳቸው። «እሺ» ብለው ሄዱ። ከዚያ በኋላ ምንም ጠይቀውኝ አያውቁም።

ልክ ነበሩ። በላቲን ብዙ የዛፍ ስሞች መጨረሻቸው የወንድ ቢመስልም ሴት ናቸው። ይህን ያወቅሁት እሳቸው ጡረታ ከወጡ በኋላ ነው። ግስ ሲያወርዱ ያደጉ ሰው ከመለያ ወረቀት ብቻ የደረሱበትን እኔ ከዲግሪዬ አላገኘሁትም። ጦስኝን ቲሙስ ሺምፔሪ ስንል ያቺ የመጨረሻዋ ‹ኢ› «የሺምፐር» ማለት ናት፤ ሺምፐር ትግራይ የኖረ ጀርመናዊ የዕፅዋት ሰብሳቢ ነው። «የእገሌ» ለማለት ላቲን የሚለውጠው የባለቤቱን ስም ነው። ግዕዝ ግን «ቤተ ንጉሥ» ሲል ቤቱን ለውጦ ንጉሡን እንዳለ ይተወዋል። ይህን ከመሪጌታ ጋር ቁጭ ብዬ ባወራው እንዴት ደስ ባለኝ!

የዛሬ ልጆች ቅጠሉን በስልክ ፎቶ አንስታችሁ ስሙን ታገኛላችሁ። ፈጣኖች ናችሁ። መጨረሻው ለምን እንዲያ ሆነ ብሎ የጠየቀኝ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም።

የላቲን ቃላት መጨረሻዎችን ሠንጠረዥ መሸምደድ አልወድም፤ ከገበያ ጀምሩ። ጓያ ላቲሩስ ሳቲቩስ፣ ጥቁር አዝሙድ ኒጌላ ሳቲቫ፣ አተር ፒሱም ሳቲቩም። ቅጽሉ አንድ ነው፣ «የሚዘራ»፤ የተለወጠው ጾታው ነው፦ ወንድ፣ ሴት፣ ሁለቱንም ያልሆነ። ቦሎቄ ፋሴዮሉስ ቩልጋሪስ ሆኖ ገብስ ሆርዴዩም ቩልጋሬ ሲሆን ግን ግራ ትጋባላችሁ፤ በዚህኛው የቅጽል ዓይነት ወንዱና ሴቱ አንድ መጨረሻ ይጋራሉ። ያኔ ሠንጠረዡን ድምፅ እያሰማችሁ ሸምድዱት፣ ሌላ መንገድ የለም። ግሱን ለጊዜው ተዉት፤ በዕፅዋት መግለጫ ውስጥ እምብዛም አይገኝም።

ለልጅቷ ደግሞ ይህን አልኳት፦ የተፈቀደው ለአዲሱ ነው። በፈረንጆቹ ከ1935 እስከ 2011 አዲስ የዕፅዋት ስም ያለ ላቲን መግለጫ አይጸድቅም ነበር፣ ስዊድናዊው የዕፅዋት ሊቅ ሊኔየስ በ1753 ያሳተመውም በላቲን ነው። የአንቺ ዝርያ አዲስ መሆኑን የምታረጋግጪው ከእነዚያ የቆዩ መግለጫዎች ጋር አስተያይተሽ ነው። እዚያ «ፎሊይስ ኦቫቲስ» የሚል ታገኛለሽ፤ «ቅጠሎቹ እንቁላል ቅርጽ ያላቸው» ማለት ነው። «ያላቸው» የሚል ቃል ግን አትፈልጊ፤ ያለው በሁለቱ ‹ኢስ› ውስጥ ነው።