ገና ጨቅላ ወደሆነ ሙያ ለምትገቡ

ልጆቼ፣

ቅርጫት ኳስ ተጫውቶ መኖር ይቻላል ወይ ብላችሁ የምትጠይቁኝ በዝታችኋል። የሰውነት ማጎልመሻ መምህርና አሰልጣኝ ሆኜ ጡረታ የወጣሁ ሰው ስለሆንኩ “አዎ” እንድላችሁ እንደምትፈልጉ ይገባኛል። አዎ ወይም አይ ከማለት ግን ሙያው ራሱ በእግሩ ሳይቆም የገባበትን የአንድ ሰው ታሪክ ልንገራችሁ። ጆርጅ ማይካን የሚባል አሜሪካዊ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ማይካን በ1924 በኢሊኖይ ግዛት፣ ጆሊየት በምትባል ከተማ ተወለደ። ቤተሰቡ መጠጥ ቤት ነበረው። እሱ ግን ቄስ ለመሆን አስቦ ቺካጎ በሚገኝ የካቶሊክ ዘርዓ ክህነት ትምህርት ቤት ገብቶ ነበር። ቁመቱ 208 ሴንቲ ሜትር፣ መነጽሩ እንደ ጠርሙስ ቂጥ የወፈረ ነበር። ዛሬ ይህን ቁመት ያየ አሰልጣኝ እንቅልፍ አይወስደውም፤ በዚያ ዘመን ግን ረጅም ሰው ቀርፋፋና እግሩ የሚጠላለፍበት ነው ተብሎ ይገመት ስለነበር የኖተርዳም ዩኒቨርሲቲ አሰልጣኝ አይቶት አልፈለገውም።

የተቀበለው በ1942 የዲፖል ዩኒቨርሲቲን ቡድን የተረከበው ወጣቱ አሰልጣኝ ሬይ ማየር ነው። ማየር ልጁን ወዲያው ግጥሚያ ውስጥ አልወረወረውም። ገመድ አዘለለው፣ ቦክስ አስለመደው፣ እግሩ እንዲፍታታ ዳንስ ሳይቀር አስተማረው። ከዚያ ቀለበቱ ሥር አቁሞ አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ እጁ፣ ኳሷ መሬት ሳትነካ ደጋግሞ እንዲያስገባ አደረገው። ጎንን ለቀለበቱ ሰጥቶ በአንድ እጅ በራስ ላይ አሻግሮ የሚወረወረውንም በቀኝ 200፣ በግራ 200 ጊዜ እንዲለማመድ አዘዘው። የቀለበቱ ሥር ልምምድ ዛሬም በማይካን ስም ይጠራል፤ እኔም ለስንት ትውልድ አስተምሬዋለሁ። ብዙዎቻችሁ የምትጠሉት አሰልቺ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ግራ እጃችሁን በሰው ፊት ስለሚያጋልጥ ነው። ከሩቅ ወርውሮ ማስገባት ያስጨበጭባል፤ ግራ እጅን ለማሠልጠን የሚያጨበጭብ ግን የለም።

የልፋቱ ውጤት ሲታይ የጨዋታው ባለቤቶች ሕግ መቀየር ጀመሩ። ማይካን ወደ ቀለበቱ እየወረደች ያለችን ኳስ ዘሎ ይመልስ ስለነበር በ1944 ይህ ድርጊት በኮሌጅ ውድድር ተከለከለ። በኅዳር 1950 ደግሞ የፎርት ዌይን ፒስተንስ ተጫዋቾች ኳሱ እጁ እንዳይገባ ብለው ጨዋታውን ሁሉ ይዘው ቆሙበትና ግጥሚያው 19 ለ18 ተጠናቀቀ፤ ማይካን ይጫወትበት ከነበረው ከተሸናፊው ክለብ፣ ከሚኒያፖሊስ ሌከርስ፣ 18 ነጥብ 15ቱ የእሱ ነበሩ። ተመልካቹ ምን ያህል እንደተሰላቸ አስቡት! ኳስ ይዞ የመቆምን በሽታ የፈወሰው በ1954 የመጣው፣ ኳስ የያዘ ቡድን በ24 ሰከንድ ውስጥ ወደ ቀለበቱ እንዲወረውር የሚያስገድደው ሕግ ነው። ከዚያ በፊት፣ በ1951፣ ከቀለበቱ ፊት ያለው ክልል ከ6 ጫማ ወደ 12 ጫማ ሰፋ፤ አጥቂ እዚያ ውስጥ ቆሞ መዘግየት ስለማይፈቀድለት ማይካን ከለመደበት ቦታ ተገፋ። በአማካይ በጨዋታ የሚያስቆጥረው ከ28.4 ወደ 23.8 ነጥብ ወረደ። ሌከርስ ግን በ1952፣ በ1953 እና በ1954 በተከታታይ ሻምፒዮን ሆነ። ጉልበታችሁ የተመሠረተበትን ሕግ ሌላ ሰው ነገ ሊቀይረው ይችላል፤ ያን ቀን አቤቱታ ከመጻፍ ይልቅ ሁለት እርምጃ ወደኋላ ሆናችሁ መጫወት የምትችሉ ሁኑ።

ስለ ክለቦቹም ልንገራችሁ። በ1946 የገባበት የቺካጎው ክለብ ባለቤት በማግሥቱ ዓመት የራሱን ሊግ ካላቋቋምኩ ብሎ ተነሣ፤ ሊጉ ወር ሳይሞላው ፈረሰ። ማይካን ወደ ሚኒያፖሊስ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በ1949 ኒውዮርክ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን በር ላይ “ጆርጅ ማይካን ከኒክስ ጋር” ተብሎ ተጽፎ ነበር፤ ኒክስ የሚገጥሙት የኒውዮርክ ክለብ ነው። የቡድን ጓደኞቹ ይህን አይተው ልብስ ሳይቀይሩ ተቀመጡና ብቻህን ግጠማቸው ብለው አሾፉበት። እንዲህ ያለ ስም የነበረው ሰው ሕግ ተምሮ ጠበቃ ሆነ። አንድ ዐይን ያለው በአፈር አይጫወትም ይባላል፤ ስፖርተኛ ደግሞ ከአንድ ጉልበት በቀር ሌላ ዐይን የለውም። በ1954 መጫወት ሲያቆም የሚሄድበት ቢሮ ነበረው። ቆይቶ ለአንድ የውድድር ዘመን ተመልሷል፤ አሠልጥኖም 9 ጊዜ አሸንፎ 30 ጊዜ ተሸንፏል (ጎበዝ ተጫዋች ሁሉ ጎበዝ አሰልጣኝ አይሆንም፤ እኛ አሰልጣኞች ይህን ስናወራ ደስ ይለናል)። በ1967 የአዲሱ የአሜሪካ ቅርጫት ኳስ ማኅበር፣ የኤቢኤ፣ የመጀመሪያ ኮሚሽነር ሆኖ የሦስት ነጥብ መስመርን ለሊጉ ያስገባውም እሱ ነው።

አሁን ደስ የማይለውን ልጻፍ። ማይካን የተጫወተበት ሊግ፣ የኤንቢኤ፣ ተጫዋቾች የጡረታ ሥርዓት የተመሠረተው በ1965 ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት ያቆሙት መጀመሪያ ላይ ምንም አላገኙም፤ በኋላ የተፈቀደላቸውም ከተከታዮቻቸው እጅግ ያነሰ ነበር። ማይካን የስኳር ሕመም አንድ እግሩን ካሳጣው በኋላ ሳይቀር ለእነዚያ ቀደምት ተጫዋቾች ጡረታ ሲሟገት ነበር። በ2005 ሲሞት የቀብሩን ወጪ እኔ ልሸፍን ያለው የኋለኛው ዘመን ዝነኛ ተጫዋች ሻኪል ኦኒል ነው። የሻኪልን ደግነት አደንቃለሁ። ሊጉን በትከሻው ያቆመ ሰው ቤተሰብ ግን የሌላ ተጫዋች ደግነት የሚያሻው ሊሆን አይገባም ነበር።

ስለዚህ ክለብ ሲጠራችሁ የደመወዙን ቁጥር ብቻ አትዩ። ብትጎዱ ሕክምናውን ማን ይሸፍናል? ክለቡ ቢፈርስ ቀሪው ክፍያ ምን ይሆናል? የጡረታ መዋጮው ከየትኛው ወር ጀምሮ ገቢ ይደረጋል? መልሱን በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ተቀበሉ። “እሱን በኋላ እናስተካክላለን” ካሏችሁ ሳትፈርሙ ወረቀቱን ይዛችሁ ወደ እኔ ኑ፤ የሕግ ባለሙያ ወዳጅ አለኝ፣ ቁጭ ብለን አብረን እናነበዋለን።