መልስ፦ 90 በመቶ ላይ የቆመ ፕሮጀክት
ወንድሜ፣ «ዌብሳይቱን 90 በመቶ ጨርሼ ወር ሙሉ ሳልነካው ቀረሁ፤ ሞራሉን ከየት ላምጣ?» ብለሃል። እውነቱን ልንገርህ፣ 90 በመቶ አልጨረስክም። ቤል ላብስ በሚባለው የአሜሪካ የቴክኖሎጂ ምርምር ተቋም ፕሮግራመር የነበረው ቶም ካርጊል የመጀመሪያው 90 በመቶ ኮድ 90 በመቶውን ጊዜ ይወስዳል፣ የቀረው 10 በመቶ ደግሞ ሌላ 90 በመቶ ይፈጃል ብሎ ቀልዷል። ደስ የሚለው አልቆ አሰልቺው ነው የሚቀረው፦ በስልክ ሲከፈት የሚበላሽ ገጽ፣ የይለፍ ቃል መቀየሪያ፣ ምናምን።

ሞራል አትጠብቅ፤ እጅህን ስታስገባ ነው የሚመጣው። የቀረህን ወረቀት ላይ ጻፍ። ግማሹን ሰርዝ (የምሬን ነው፣ ማንም አይጠይቅህም)። ዛሬ ማታ አንዷን ብቻ ጨርስ። ስታቆም ነገ ከየት እንደምትጀምር በአንድ መስመር ጽፈህ ተነስ። እኔን ያዳነችኝ ይቺ ናት፤ ጠዋት «የት ነበርኩ?» እያልኩ ስክሪን ላይ ማፍጠጥ ቀረልኝ።